መብራት ሲበራ "የሚሞቀው" ሞተር፦ የላንድሮቨሩ የሙቀት ጌጅ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጠዋት

መኪናዋ ላንድሮቨር ዲፌንደር ናት። ሞተሯ 300 ቲዲአይ፣ 2.5 ሊትር ናፍጣ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለባትም፤ ያለው ሽቦ፣ ብሎንና ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘው ብረት) ብቻ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፤ በአንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና በትንሽ ትዕግሥት ሁሉም ነገር ይለካል።

ችግሯ እንዲህ ነው። ቀን ስነዳት የሙቀት መርፌው መሃል አካባቢ ይቆማል። ሲመሽ ግን ወደ ቀዩ ይጠጋል። ዳገት የለ፣ ጭነት የለ፣ አየሩ እንዲያውም ቀዝቅዟል፤ መርፌው ግን ወደ ላይ። በዚህ ላይ ሌላ ጸባይ አላት። ኮረኮንች ላይ ስትገባ መርፌው ቀስ እያለ ይወርድና ልክ አሁን እንደተነሳ ሞተር "ገና አልሞቅኩም" ይላል። መንገዱ ሲስተካከል ተመልሶ ይወጣል።

ይህን ለሰው ስናገር መልሱ ያው ነው። አንዱ "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው" ይላል፤ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውን በር ማለቱ ነው። ሌላው "የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ አትድከም" ይላል፤ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ማለቱ ነው። ሦስተኛው ራዲያተር አስጠርግ ይላል። ማንም ኮፈን ከፍቶ አላየም፤ ምክር ግን ሞልቷል። እኔ ግን ምንም ሳልገዛና ምንም ሳልፈታ አንድ ነገር ማወቅ ፈለግኩ፦ ሞተሩ የእውነት ይሞቃል ወይስ ጌጁ ነው የሚዋሸው?

ጌጁ ነው ብሎ ዝም ማለት ደግሞ አይቻልም። የዚህ ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም ነው። ከልክ በላይ አንዴ ከሞቀ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም አብሮ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ ተቃራኒው በመለኪያ እስኪረጋገጥ ድረስ ሞተሩ ይሞቃል ብዬ ነው የምነሳው።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት፦ መጀመሪያ ሞተሩ

ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ኩላንቱን (የራዲያተሩን ውሃ) አየሁ። ልኩ ላይ ነው። ክዳኑን ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱ፤ ይሄ የታወቀ ነው፣ ግን ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ውስጡ ግፊት አለ። ከውጭው አየር በ1 ባር የሚበልጥ ግፊት ውስጥ ውሃ 120 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይፈላም። ክዳኑን ስትከፍቱት ግፊቱ በአንዴ ይጠፋል፣ ያ ከ100 በላይ የሆነ ውሃ ደግሞ እዚያው ፊታችሁ ላይ ይፈላል።

ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ደህና ነው። የራዲያተሩ ፊት ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በውሃ አጥቤ አስለቀቅኩት። በውጭ በኩል አታጥቡ፣ ጭቃውን ወደ ውስጥ ነው የምትወትፉት።

ቀጥሎ ከርቀት በጨረር የሚለካውን ቴርሞሜትር አመጣሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ይሄ መሣሪያ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ሲያነብ ከእውነተኛው ሙቀት በጣም ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ አሉሚኒየም ላይ በተለይ። መፍትሔው ቀላል ነው። ቴርሞስታቱ ያለበት ቤት ላይ፣ ለጌጁ ሙቀቱን የምትነግረው ሴንሰር አጠገብ፣ ትንሽ ጥቁር ናስትሮ (ተለጣፊ ፕላስተር) ለጠፍኩና ሁልጊዜ እሷን ብቻ አነጣጥሬ ለካሁ። አንድ ቦታ፣ አንድ ርቀት። ዛሬ ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ላይ፣ ነገ ብረቱ ላይ ከሆነ ቁጥሮቹ እርስ በርስ አይወዳደሩም።

ሞተሩን አስነስቼ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጥ) ትንሽ፣ ከዚያ ነዳጅ ሰጥቼ አሞቅኩት። ናፍጣ ቆሞ በሚኒሞ ብቻ ቶሎ አይሞቅም። የላይኛውን ማኒኮቶ በእጄ እየዳበስኩ ነበር። ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ ቆየና ድንገት ሞቀ፤ ቴርሞስታቱ ተከፈተ ማለት ነው። ናስትሮው ላይ ያለው ንባብ 87፣ 88፣ 89 ሆነና እዚያው ቆመ። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት የ88 ዲግሪ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሞተሩ ጤነኛ ነው። መርፌውም መሃል ላይ ነው። ሁሉም ሰላም።

እንግዲህ ማታ ማታ ነው የሚለወጠው ካልኩ ማታን ቀን ላይ ላምጣው አልኩ። ሞተሩ እየሠራ መብራት አበራሁ።

መርፌው ተነሳ። ቀስ እያለ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ቀዩ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ወርጄ ናስትሮውን ለካሁ፦ 89። ተመልሼ መብራቱን አጠፋሁ፣ መርፌው ወረደ። አበራሁ፣ ወጣ። ደስ የሚለው ደግሞ የነዳጅ ጌጁም አብሮ መውጣቱ ነው። መብራት በማብራት ብቻ ታንኬ ውስጥ ሩብ ያህል ናፍጣ ይጨመርልኛል! ይህን ማታ ላይ ሳላስተውለው የቀረሁት ሁሉም ሰው የሚያየው የሚፈራውን መርፌ ስለሆነ ነው።

ሌላም አለ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በማብሪያው የመጀመሪያ እርከን ላይ ነው፤ ትንንሾቹ መብራቶችና የዳሽቦርዱ አምፖሎች ብቻ በሚበሩበት። ትልቁን መብራት ሳበራ ምንም አልጨመረም። ስለዚህ ነገሩ ከዲናሞው ጉልበት ወይም ከትልቁ መብራት ጋር አይገናኝም፤ ከዳሽቦርዱ አምፖሎች ጋር ነው። እነሱ ደግሞ ልብ ብዬ ሳያቸው ደብዝዘዋል።

ቅዳሜ፣ ማታ፦ አሠራሩ

ነገ እጄን ከማስገባቴ በፊት አሠራሩን ላስቀምጥ፣ ለእናንተም ለእኔም።

ሞተሩ ላይ ተጠምዝዛ ኩላንቱ ውስጥ የገባችው ሴንሰር የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሞቃት ሬዚስታንሷ (ከረንትን የመከልከል አቅሟ) ይቀንሳል። ሽቦዋ አንድ ነው። ሌላው ጫፍ የራሷ አካል ነው፤ በጥርሷ በኩል ከሞተሩ ብረት ጋር ትነካካለች፣ ሞተሩም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ታስሯል። ይህንን ነው ማሳ የምንለው። ለዚህ ነው ሴንሰር ሲገጠም ቴፍሎን በብዛት መጠቅለል የማይመከረው። ውሃውን ሲያቆም ማሳውንም ያቆመዋል።

መርፌው ራሱ ሙቀት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት ነው። ውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ቀጭን ምላስ አለ፣ በላዩ ሽቦ ተጠምጥሟል። ከረንት ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል፣ ምላሱ ይጣመማል፣ መርፌውን ይገፋዋል። መርፌው ቀስ እያለ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሞተሩ ሳይሆን ጌጁ ራሱ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል።

ከረንት ከሆነ የሚያየው ደግሞ ቮልቴጁ በተለዋወጠ ቁጥር ንባቡ ሊለዋወጥ ነው። ባትሪ 12 ነው፣ ሞተር ሲነሳ 14 ይሆናል። ይህን ለማስቆም ከዳሽቦርዱ ጀርባ የቮልቴጅ ማረጋጊያ አለ፤ የሙቀትና የነዳጅ ጌጆቹ ሁለቱም ከእሱ 10 ቮልት ይወስዳሉ። እንግዲህ ሁለቱ ጌጆች አብረው ከወጡ ጥፋቱ ሁለቱ በሚጋሩት ቦታ ነው። ሞተሩና ታንኩ አይተዋወቁም። የሚያገናኛቸው ማረጋጊያው ብቻ ነው።

ማረጋጊያው 10 ቮልት የሚሰጠው ከራሱ ማሳ ቆጥሮ ነው። ማሳው ዜሮ ላይ ካልተቀመጠ፣ ለምሳሌ 3 ቮልት ላይ ተንሳፎ ከቀረ፣ እሱ ታማኝ ሆኖ ከዚያ በላይ 10 ይጨምራል። ሴንሰሮቹ ግን ማሳቸው ሌላ ቦታ ነው፣ ደህና ነው። ስለዚህ 13 ቮልት ያያሉ። ጭራሹን ማሳው ከተበጠሰ ደግሞ ማረጋጊያው መቆጣጠሩን ትቶ የባትሪውን ሙሉ ቮልት ያሳልፋል።

የዳሽቦርዱ አምፖሎች ለምን እንደሚገቡበት አሁን ግልጽ ነው። ማሳቸው ከማረጋጊያው ጋር አንድ ነው ብዬ ነው የጠረጠርኩት። አምፖሎቹ ሲበሩ ከረንታቸው በዚያች በተበላሸች መገናኛ ያልፋል፣ የሁሉንም ማሳ ከዜሮ ያነሳዋል። የሚደበዝዙትም ለዚያ ነው።

ይህ ግምት ነው። ነገ ይለካል።

እሑድ፣ ጠዋት፦ ማሳው

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ የጌጆቹን ፓነል አላቀቅኩ። በካቻቢቴ የሚፈታ አራት ቪት፣ ትንሽ መጎተት፣ ከኋላ ብዙ ጥቁር ሽቦ። ፓነሉን ወደ ፊት አውጥቼ ከመሪው ጋር አስደገፍኩት፣ ባትሪውን መልሼ አሰርኩ።

ማሳ ሲለካ ብዙ ሰው ቴስተሩን ኦም ላይ ያደርጋል። አይሠራም ባይባልም ያሳስታል። ከብዙ ክሮች መካከል በአንዲት ቀጭን ክር የቆመ መገናኛ እንኳ በኦም ሲለካ "ደህና ነው" ይላል፤ ቴስተሩ የሚልከው ከረንት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ ሥራ ላይ እያለ ቮልቱን መለካት ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጌ ጥቁሩን በቀጥታ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ማረጋጊያው የታሰረበት ብረት ላይ አሳረፍኩ። ሞተር ተነስቷል። መብራት ሳይበራ ግማሽ ቮልት ገደማ። መብራት ሲበራ ወደ 3 ቮልት ተጠጋ።

ደህና የሆነ ማሳ ላይ ከ0.1 በላይ ማየት የለብኝም። እነሆ ሌባው።

ጥቁሮቹን ሽቦዎች ተከትዬ ሄድኩ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ግድግዳው ላይ በአንድ ብሎን ታስረዋል። ብሎኑ በእጅ ሲነካ ጠንካራ ነው፣ አይነቃነቅም። ስፈታው ግን ከራንዴላው ስር ነጭ ዱቄትና ዝገት ተጋግሯል። በሽቦዎቹ ጫፍ ያሉት ቀለበቶች አንደኛው ገጽ ጥቁር ሆኗል። ይህች መኪና ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ጣሪያዋና የመስታወቷ ጠርዝም ያፈሳሉ፤ አሉሚኒየምና ብረት ደግሞ እርጥበት ላይ ሲገናኙ እርስ በርስ ይበላላሉ። ዲፌንደር ያለው ሰው ይህን ዱቄት ከሩቅ ያውቀዋል።

ቀለበቶቹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ አሸሁ። ግድግዳው ላይ የብሎኑን ዙሪያ ቀለሙን ፍቄ እስከ ብረቱ አጸዳሁ። ሁለቱን ቀለበቶች ለውጬ አዲስ ጨምቄአለሁ፤ ሽቦው ውስጡ ጠቁሮ ስለነበር እስኪነጣ ድረስ ቆርጬ። ጥርስ ያለው ራንዴላ አስገብቼ አጠበቅኩ። ቅባት የተቀባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከውጭ፣ ውሃ እንዳይገባ። አንዳንድ ሰው መጀመሪያ ቀብቶ ነው የሚያስረው፤ እኔ ብረት ከብረት ተነካክቶ ከጠበቀ በኋላ ነው የምቀባው።

እንደገና ለካሁ። መብራት በርቶ 0.04 ቮልት። የዳሽቦርዱ አምፖሎች አዲስ የተገዙ መሰሉ።

እሑድ፣ ከሰዓት፦ ማረጋጊያው ይቀየር ወይ?

ፓነሉ ተከፍቶ እያለ ማረጋጊያውንም ልየው አልኩ። የኔዋ ላይ ያለው የድሮው ዓይነት ነው። እሱም እንደ ጌጁ በሚሞቅ ምላስ ነው የሚሠራው። ሙሉ ቮልት ይሰጣል፣ ይቆርጣል፣ ይሰጣል፣ ይቆርጣል፤ አማካዩ 10 ይሆናል። ጌጁ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህ መቆራረጥ አይታየውም።

ይህን ሳያውቅ በዲጂታል ቴስተር የሚለካ ሰው 12፣ 0፣ 12፣ 0 እያለ ሲዘልበት "ተቃጥሏል" ብሎ ይጥለዋል። በትንሽ አምፖል ለኩት። ብልጭ ድርግም ካለ እየሠራ ነው። ሳይቆራረጥ ከበራ ወይ ማሳ የለውም ወይ ምላሱ ተጣብቋል። ጭራሹን ካልበራ መግቢያውንና ፊውዙን እዩ፤ ያኔ ግን ሁለቱም ጌጆች ዜሮ ላይ ነው የሚተኙት።

የኔ ብልጭ ድርግም ይላል። አልቀየርኩትም። በኤሌክትሮኒክስ መቀየር የሚፈልግ 7810 የምትባለው ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር አለች፤ ቀጥ ያለ 10 ቮልት ትሰጣለች። መግቢያዋ ከመውጫዋ በ2 ቮልት ያህል መብለጥ አለበት፣ ስለዚህ ባትሪው ደከም ሲል ንባቡም አብሮ ደከም ይላል። የጀርባ ብረቷም ማሳ ነው፤ ማሳው ካልጸዳ እሷም ያው ታሪክ ትደግማለች። አዲስ ማረጋጊያ ገዝተው ምንም ሳይለወጥላቸው የሚናደዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ችግራቸው እዚህ ነው።

ፓነሉን መልሼ ገጠምኩ። ሞተር ሞቆ፣ መብራት በርቶ፣ መርፌው መሃል ላይ ነው፣ ንቅንቅ የለም። አንደኛው ጥፋት አለቀ።

ኮረኮንቹ ግን ይቀራል።

ሰኞ፣ ማታ፦ በ68 ኦም ማሳሳት

መርፌው የሚወርደው መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ነው። ወረደ ማለት ከረንት አነሰ፣ ከረንት አነሰ ማለት የሆነ ቦታ ሬዚስታንስ ተጨመረ ወይም ተቆረጠ። እና የነዳጁ ጌጅ አብሮ አይወርድም፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ ለሙቀት ጌጁ ብቻ በሆነው መንገድ ላይ ነው፦ ጌጁ ራሱ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽቦ፣ ወይም ሴንሰሯ።

የሴንሰሯን ሽቦ ነቀልኩ። አረንጓዴ ነው፣ ሰማያዊ መስመር ያለበት። ሲነቀል መርፌው ቀዝቃዛ ላይ ይተኛል፣ ትክክል ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ቀጥሎ ሽቦውን በቀጥታ ማሳ ያስነካዋል፣ መርፌው ወደ ቀዩ ሲፈተለክ "ጌጁ ይሠራል" ብሎ ይጨርሳል። ይሠራል፣ ግን ሁለት ቅር የሚያሰኝ ነገር አለበት። አንደኛ፣ ለረጅም ጊዜ ከተያዘ የጌጁ ሽቦ ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ከተደረገም ለቅጽበት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሽቦው አለመበጠሱን ይነግራችኋል እንጂ ጌጁ በትክክል ማንበቡን አይነግራችሁም።

እኔ 68 ኦም የሆነች ሬዚስታንስ በሽቦው ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል አስገባሁ። ሞቃት ሴንሰር የምትመስል ነገር ማለት ነው። መርፌው ቀስ ብሎ ተነሳና መሃል ላይ ቆመ። ጌጁ ደህና ነው፣ ማረጋጊያው ደህና ነው።

ሬዚስታንሷ እንዳለች ሆና ሽቦውን ከዳሽቦርዱ ጀምሬ ነቀነቅኩት። ከግድግዳው ሲወጣ፣ ምንም። በሞተሩ ጎን ሲያልፍ፣ ምንም። ከሴንሰሯ አንድ ስንዝር ላይ፣ ከጥቅሉ ተለይቶ በሚታጠፍበት ቦታ ይዤ አጠፍ ሳደርገው፣ ጓደኛዬ ከውስጥ "እየወረደ ነው!" አለ። "አሁንስ?" "ቆይ… ወጣ። አንተ፣ እዚያው ያዘው!"

ለዚህ ሥራ ሰው ውስጥ ማስቀመጥ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ጌጁ ቀርፋፋ ስለሆነ ነቅንቃችሁ ሮጣችሁ ስትመጡ ሁሉም ነገር ተመልሷል። አንድ ቦታ ይዛችሁ ቆዩ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው።

ማክሰኞ፦ ሴንሰሯን ሳላወጣ መለካት

ሽቦው ተገኘ፤ ግን ሴንሰሯንም ሳልፈትን መዝጋት አልፈለግኩም። የተለመደው መንገድ አውጥቶ ድስት ውስጥ መቀቀል ነው። ለተፈታች ሴንሰር ጥሩ ነው፣ ቴርሞሜትር ግን አብራችሁ ንከሩ። "ውሃ ፈላ፣ 100 ነው" አይባልም፤ ከባሕር ጠለል በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰው ሳያውቀው በስምንትና በዘጠኝ ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል።

እኔ ግን እዚያው እያለች ለካኋት። ኩላንት አይፈስም፣ አየር አይገባም፣ በዚያ ላይ የጥርሷ ማሳ አብሮ ይለካል። ሞተሩን አሙቄ አጠፋሁ፣ ሽቦዋን ነቀልኩ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ሽቦዋ በሚሰካበት ምላሷ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። ናስትሮው 88 ሲል 70 ኦም ገደማ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ 60 ዲግሪ፣ ከ150 ትንሽ በላይ። በ40 ዲግሪ ወደ 300። ጠዋት ከሥራ በፊት ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዛ ከ600 በላይ።

እነዚህ ቁጥሮች የዚህች ሴንሰር ናቸው። የሌላ መኪና ሴንሰር በኪሎ ኦም ሊያነብ ይችላል። የሚፈለገው ሲቀዘቅዝ ያለመዝለል እያደገ መሄዱ ነው፤ መሃል ላይ ድንገት ከዘለለ ወይም ከቆመ ሴንሰሯ ሞታለች። የኔዋ ምንም አልዘለለችም። አዲስ አልገዛም።

እግረ መንገዴን የሴንሰሯን ምላስ በእጅ ባትሪ አብርቼ አየሁት። ግማሹ አረንጓዴ ሆኗል። ምላሱን ሳላጸዳ ሽቦዋን መልሼ ሰክቼ፣ ከሽቦው ብረት ጀምሬ ስለካ ከ70 ወደ 80ዎቹ ወጣ፣ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ደግሞ 140 ድረስ ይዘላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ነው፤ የተቆረጡ ክሮች እና የላላ፣ የዛገ መሰኪያ፣ በአንድ ስንዝር ውስጥ።

ረቡዕ፦ ጥገናው

ሽቦውን ከታጠፈበት በላይ ቆረጥኩ። ላስቲኩ ከውጭ ምንም አልሆነም፤ ስልጠው ውስጡ ከሁለት ከሦስት ክር በቀር ሁሉም ተበጥሶ ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፏል። መንገዱ ልስልስ ሲሆን ይነካካሉ፣ ኮረኮንች ሲሆን ይለያያሉ። ናፍጣ ሞተር በላስቲክ መቀመጫው ላይ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ስታጠፉት እዩት። ሽቦው ደግሞ አንድ ጫፉ ከሞተሩ ጋር ይሄዳል፣ ሌላው ከቦዲው ጋር ቆሟል። ያችን አጭር መታጠፊያ ነው ሲበላት የኖረው።

አዲስ ቁራጭ ሽቦ አስገባሁ፣ ከበፊቱ ረዘም አድርጌ፣ ልል ሆኖ እንዲዞር። መገጣጠሚያውን በፒንሳ ጨምቄ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለበስኩት። በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) አልበየድኩም፤ የተበየደ ሽቦ ስታኞው በሚያልቅበት ቦታ ይደርቃል፣ እና በሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ የሚበጠሰው እዚያ ነው። ሌላ ሰው በዚህ አይስማማም ይሆናል፣ መብቱ ነው። ድጋፉን ደግሞ ሞተሩ ላይ አሰርኩት፤ ሽቦው ከሞተሩ ጋር አብሮ ይወዛወዝ፣ መታጠፉ ራቅ ባለ ረጅም ቦታ ላይ ይሁን ብዬ። ምላሱን ፍቄ አዲስ መሰኪያ በጥብቅ ሰክቼ ጨረስኩ።

ቴርሞስታቱን ለሚጥሉት አንድ ነገር ልበል። መርፌው ስለወጣ ቴርሞስታት ማውጣት ትኩሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትር እንደመስበር ነው። ሞተሩ የሚሠራበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይኖራል፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ዘይቱ ይበላሻል። የኔው ማኒኮቶ ለብ ብሎ ቆይቶ በ88 አካባቢ ሲሞቅ በእጄ ዳብሻለሁ። የሚያስወጣ ምክንያት የለም።

ቅዳሜ፦ መንገድ ላይ

ኮረኮንቹን መርጬ ሄድኩ። መርፌው መሃል ላይ ነው። ድንጋይ ላይ ስትዘል፣ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ፣ አልተነቃነቀም። ከዚያ በዝቅተኛው ማርሽ ረጅም ዳገት ያዝኩ። እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚፈትነው፤ ሞተሩ ብዙ ይዞራል፣ መኪናዋ ግን ትሳባለች፣ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም፣ ሁሉም ሸክም ቬንቲላተሩ ላይ ነው። መርፌው የራሱን ውፍረት ያህል ከፍ አለ። ቆሜ ናስትሮውን ለካሁ፦ 94። ጫፍ ላይ ሞተሩን በሚኒሞ ትንሽ ሳቆየው ሁለቱም አብረው ወረዱ። መብራት አበራሁ፣ ምንም። አሁን መርፌውና ቴርሞሜትሩ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት።

የመሃሉን ቦታ ጌጁ መስታወት ላይ በቀጭን ነጭ ቀለም ነጥብ አድርጌበታለሁ። ከዚህች ነጥብ ሲወጣም ሲወርድም ማየት እፈልጋለሁ። መውረዱ ደግሞ ከመውጣቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ማኒኮቶ ፈንድቶ ኩላንቱ ከፈሰሰ ሴንሰሯ ባዶ አየር ውስጥ ትቀራለች፤ ያኔ ሞተሩ እየተቃጠለ መርፌው ዝቅ ሊል ይችላል። ጌጁን ብቻ የሚያምን ሰው ያኔ ደስ ብሎት ይነዳል። ስለዚህ የኩላንት መጠን ሲቀንስ የሚጮህ ማንቂያ ላስገባ አስቤአለሁ፤ ሞተሩ ብረት ላይ የሚታሰር፣ ከውሃው ጋር የማይገናኝ የሙቀት ማንቂያም አለ። ከሁለቱ አንዱን ሳስገባ እዚህ እጽፋለሁ።

ውሃ ከተሻገርኩ በኋላ የሴንሰሯን መሰኪያና ያችን የማሳ ብሎን ማየት የተለመደው ፍተሻዬ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱም በአንድ ካቻቢቴና በቴስተር የሚያልቁ ናቸው።

የነዳጅ ጌጁ ግን አዲስ ወሬ አምጥቷል። ማሳው ከተስተካከለ ወዲህ ታንኩን እስከ አፉ ሞልቼ መርፌው ሦስት አራተኛ ላይ ነው የሚቆመው። በ68 ኦሟ ሬዚስታንስ ከኋላ፣ ታንኩ ጋ ካለው ሽቦ ልጀምር ነው።